ሁለት ካሜራ፣ አንድ ሰማይ



በብዙዎቻችን ስልክ ውስጥ ከሰሜን አውሮፓ የተላከ ፎቶግራፍ አይጠፋም። ከኖርዌይ፣ ከስዊድን ወይም ከፊንላንድ ልጅ፣ ወንድም፣ አለዚያም አብሮን በመዘምራን ያገለገለ ወዳጅ የላከልን ነው። በረዶ የለበሰ ጥድ፣ በተራሮች መካከል የገባ ጸጥተኛ ባሕር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሌሊቱ ሰማይ ላይ እንደ መጋረጃ የሚውለበለብ አረንጓዴ ብርሃን እናያለን። ስልኩን እየተቀባበልን "እንዴት የታደሉ ናቸው!" እንላለን። ፎቶግራፍ ግን የአንዲት ቅጽበት ነገር ነው። ከዚያች ቅጽበት በፊትና በኋላ ያለውን ኑሮ፣ ካሜራውን የያዘው ሰው ቤት ውስጥ ያለውን ወሬ አይነግረንም። በዚህ እትም ስለዚያ ሰማይ፣ ሰማዩን በፎቶ ለመያዝ ስለደከሙ ሰዎች፣ በሥሩም ስለሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት ላጫውታችሁ ወደድሁ። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖራችሁ አንዱን ነገር ሁለት ዓይነት የምታዩ ባለ ትዳሮች በተለይ አድምጡኝ።

ፀሐይ የማትወጣባቸው ሳምንታት

ትሮምሶ በሰሜን ኖርዌይ የምትገኝ ከተማ ናት። የአርክቲክ ክበብ ከሚባለው መስመር 350 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ዘልቃ ተቀምጣለች። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ እኛ የፀሐይን መውጣት እንደ ቁም ነገር አንቆጥረውም። በትሮምሶ ግን ከኅዳር 18 አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥር 7 አካባቢ ድረስ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም። እኛ ገናን በጠራራ ፀሐይ ስናከብር በዚያ ያሉ ወገኖቻችን ፀሐይን ካዩ አንድ ወር አልፏቸዋል። በአንጻሩ ከግንቦት 12 አካባቢ እስከ ሐምሌ 15 አካባቢ ፀሐይዋ አትጠልቅም፤ ልጆችን ለማስተኛት በጠራራ ብርሃን መጋረጃ መዝጋት የግድ ነው።

በጨለማው ወራትም ቢሆን ድቅድቅ ጨለማ ብቻ ነው ማለት አይደለም። እኩለ ቀን አካባቢ ለጥቂት ሰዓታት ሰማዩ ገለጥ ይላል። ያን ጊዜ በረዶውም፣ ተራራውም፣ ባሕሩም ሰማያዊ ቀለም ይለብሳሉ። ፎቶ አንሺዎች ይህችን ሰዓት እንደ ወርቅ ይሳሱላታል።

ኑሮውም እንደ አየሩ ነው። ልጆች ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የመኪና መብራት ሲያርፍበት የሚያንጸባርቅ ምልክት ከጃኬታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት በየመስኮቱ ሻማና የኮከብ ቅርጽ ያለው መብራት ይበራል። ሰው ከሥራ ሲወጣ መብራት በተተከለበት የበረዶ መንሸራተቻ መንገድ ይሄዳል። በማንኪያ የዓሣ ጉበት ዘይት መዋጥም የተለመደ ነው። ጥር 13 አካባቢ ፀሐይዋ ከተራሮቹ በላይ ብቅ ስትል የከተማው ሕዝብ ለዚያ ቀን የተዘጋጀ ክብ ጣፋጭ ዳቦ እየበላ ይቀበላታል።

በደቡብ ኢትዮጵያ ለምትኖሩ አንባቢያን ኖርዌይ እንግዳ አገር አይደለችም። የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ወንጌልን ይዘው ወደ እናንተ መጥተዋል። ከዚያ ብርድ ተነሥተው ወደ እኛ ፀሐይ መጡ፤ ዛሬ ደግሞ የእኛ ልጆች ወደ እነርሱ በረዶ ሄደዋል።

"አንዱም ፎቶ ላይ የለሁም"

በዚያ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት ከባለቤቴና ከእኔ ጋር በስልክ ሲመካከሩ ቆይተዋል። ታሪካቸውን የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው፤ ስማቸውንና ከተማቸውን ግን አልጠቅስም። እሱ አውቶቡስ ይነዳል። እሷ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ሁለት ልጆች አሏቸው። እሱ ካሜራ ገዝቶ የሰሜኑን ብርሃን ማንሳት ከጀመረ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ሰማዩ ጥርት ባለ ቁጥር ማታ ማታ ወደ ኮረብታ ይወጣል።

እሱ ለባለቤቴ እንዲህ አለው፦ "ፓስተር፣ እግዚአብሔር ከስንት መከራ አውጥቶ ነው እዚህ ያደረሰን። ልጆቻችን ተምረዋል፤ ሥራ አለን፤ ቤት አለን። እሷ ግን ማመስገን ትታለች።"

እሷ ደግሞ ለብቻዬ እንዲህ አለችኝ፦ "እህቴ፣ ኅዳር ሲገባ እኔ መቃብር እንደገባሁ ቁጠሪኝ። ጠዋት ከአልጋ መነሣት ያቅተኛል። ልጆቼን ይዤ ወደ አገሬ መመለስ ነው የምፈልገው። እሱ የሚልካቸውን ፎቶዎች አይተሻቸው የለ? ሰዉ ሁሉ 'ውብ ነው' ይለዋል። እኔ ግን አንዱም ላይ የለሁም።"

የአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ እስከ መጠየቅ ደርሳ ነበር። ነገሩ የዋዛ አልነበረም።

ከሁሉ አስቀድመን ወደ ሐኪም እንድትሄድ ነገርናት። ብርሃን በሚያንስባቸው ወራት እየመጣ የሚሄድ የመንፈስ ጭንቀት የታወቀ ሕመም ነው። ለአንዳንዶች በሐኪም ምክር ጠዋት ጠዋት ከልዩ መብራት ፊት መቀመጥ ይረዳቸዋል፤ ለሌሎች ምክክር ወይም መድኃኒት ያስፈልጋል። "የእምነት ማነስ ነው" እያልን በታመመች እህት ላይ ሌላ ሸክም አንጨምር። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር መጀመሪያ ያደረገለት ስብከት አልነበረም፤ አስተኛው፣ አበላው፣ አጠጣው፣ ደግሞም አስተኛው (1ነገ. 19)። ይህች እህታችንም ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ እርዳታም አገኘች። በሁለቱ መካከል የነበረው ርቀት ግን ገና ነበረ። ስለዚያ ብርሃን ማንበብ የጀመርሁትም በእነርሱ ምክንያት ነው።

ፍላሽ የማይደርስበት ብርሃን

የሰሜን ብርሃን የሚመጣው ከፀሐይ ነው። ከፀሐይ የሚፈልቁ ጥቃቅን ቅንጣቶች በምድራችን የላይኛው አየር ውስጥ ካሉ ጋዞች ጋር ሲጋጩ አየሩ ያበራል። አብዛኛውን ጊዜ የምናየው አረንጓዴ ቀለም ከኦክስጅን የሚወጣ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ፀሐይ በማትታይበት በዚያ ወራት እንኳ ሰማዩን የምታበራው ያችው ፀሐይ ናት። ጨለማ በእርሱ ዘንድ እንደማይጨልም ዳዊት የዘመረለት አምላክ (መዝ. 139፥12) በማይታይበት ጊዜም ሥራውን አያቋርጥም።

ይህን ብርሃን ለማንሳት የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ፍላሽ እንደማይጠቅመው ነው። መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለን ነገር ፍላሽ አይደርስበትም። ስለዚህ ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አጥብቆ ያስቀምጣል። ሌንሱን በእጁ እያስተካከለ በሩቅ ኮከብ ላይ ያጠራዋል። ከዚያም የካሜራውን ዓይን አምስት፣ አሥር፣ አንዳንዴም ሃያ ሰከንድ ከፍቶ ይጠብቃል። ብርዱ ባትሪውን ቶሎ ስለሚያደክመው መለዋወጫውን በውስጥ ኪሱ፣ ከገላው አስጠግቶ ይይዛል። ዓይናችን በደካማ ብርሃን ቀለም የመለየት ችሎታው ስለሚቀንስ፣ ፈዘዝ ያለው የሰሜን ብርሃን ቆሞ ለሚያየው ሰው ግራጫ ደመና ሊመስለው ይችላል። ተከፍቶ በቆየ ካሜራ ላይ ግን ያው ብርሃን አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ቀለሙ ቀድሞም ነበረ፤ የሚፈልገው ጊዜ ወስዶ የሚቀበለው ነው።

ወገኖቼ፣ ስንቶቻችን ነን የትዳር ጓደኛችንን በፍላሽ የምናየው? ብልጭ እናደርግና "አንተ እኮ ሁልጊዜ እንዲህ ነህ"፣ "አንቺ እኮ መቼም አትረኪም" ብለን እንፈርዳለን። ሳይሰሙ መመለስ ስንፍና እንደሆነ ምሳሌ 18፥13 ያስተምረናል።

መምህሩ ያጣውና ያገኘው

ሶፉስ ትሮምሆልት በኖርዌይ ያስተምር የነበረ ዴንማርካዊ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 የሰሜንን ብርሃን ሊያጠና ካውቶኬይኖ ወደሚባል የሰሜን ኖርዌይ መንደር ሄዶ በዚያ ከረመ። ብርሃኑን ፎቶ ለማንሳት ሞከረ፤ አልሆነለትም። በዚያ ዘመን የነበረው የፎቶ መስታወት ያን ደካማ ብርሃን መያዝ አልቻለም። ብርሃኑን በፎቶ የማስቀረት ክብር ለሌላ ደረሰ። ማርቲን ብሬንደል የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1892 በዚያው በሰሜን ኖርዌይ አነሳው።

ትሮምሆልት ግን ካሜራውን ወደ ምድር አወረደው። ሳሚ የተባሉትን የአገሩን ነባር ሕዝብ፣ የሰሜን አጋዘን የሚያረቡትን ጎረቤቶቹን፣ አሮጊቱንም ሕፃኑንም እያንዳንዳቸውን በክብር አነሳቸው፤ ስማቸውንም መዘገበ። እነዚህ ፎቶግራፎች እ.ኤ.አ. በ2013 ዩኔስኮ የዓለም ትውስታ ብሎ በሚጠራው መዝገብ ሰፍረዋል። ሰማዩን ፍለጋ ሄዶ ዛሬ ድረስ የቀረለት በፊቱ የነበረው ሰው ፊት ነው።

ይህን ሳነብ "አንዱም ፎቶ ላይ የለሁም" ያለችኝን እህት አሰብሁ። እኛ አገልጋዮችም ይህን ልብ እንበል። ስለ ሰማዩ ነገር ስንሮጥ፣ ስብሰባውንና ጉባኤውን ስናሳድድ፣ እግዚአብሔር በፊታችን ያኖረው ፊት ሳይታይ ይከርማል።

ሁለቱ ካሜራዎች

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የሰሜን ብርሃን ከምድር ምን ያህል ከፍታ ላይ ነው የሚለው ጥያቄ ሰዎችን ለረጅም ዘመን አከራክሯል። ኖርዌያዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ስተርመር ይህን ለመመለስ እ.ኤ.አ. በ1910 ቦሴኮፕ ወደሚባል የሰሜን ስፍራ ሄደ። ዘዴው እንዲህ ነበር፤ ሁለት ካሜራ በሁለት ስፍራ ይተከላል። በሁለቱ ስፍራዎች መካከል የስልክ መስመር ይዘረጋል። በሁለቱም ቦታ ያሉት ሰዎች በስልክ ተነጋግረው ያንኑ ብርሃን በአንድ ቅጽበት ያነሳሉ። ከብርሃኑ በስተኋላ ያሉት ከዋክብት በሁለቱም ፎቶ ላይ መውጣት አለባቸው።

ፎቶዎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አይገጥሙም። በአንደኛው ፎቶ ብርሃኑ ከአንድ ኮከብ በስተቀኝ ቢሆን በሌላው ከዚያው ኮከብ በስተግራ ይታያል። አላዋቂ ሰው "ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል" ይላል። ስተርመር ግን የፈለገው ይህንኑ ልዩነት ነበር። ከልዩነቱ ተነሥቶ የብርሃኑን ከፍታ አሰላ። ሁለቱ ፎቶዎች አንድ ዓይነት ቢሆኑ ኖሮ ምንም ባላወቀ ነበር። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1913 ሲመለስ ካሜራዎቹን 27 ኪሎ ሜትር ያህል አራርቆ ተከላቸው፤ ልዩነቱ ሲሰፋ ስሌቱ ይጠራልና። በዚህ መንገድ የብርሃኑ የታችኛው ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ እንደሆነ ታወቀ።

በእግዚአብሔር ቃል ዘንድም ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። አንዱን ጌታ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ ከአራት ወገን አሳይተውናል። ቤተ ክርስቲያን "አንዱ ይበቃናል" ብላ ሦስቱን አልጣለችም።

ታዲያ ለእነዚያ ባልና ሚስት አንድ ሥራ ሰጠናቸው። ለአንድ ሳምንት እያንዳንዳቸው ከኑሯቸው አምስት ፎቶ እንዲያነሱ፣ አንዱ ለሌላው ሳያሳይም ለእኛ እንዲልኩ ጠየቅናቸው። የእሷ ፎቶዎች መጡ። በሩ ሥር የተደረደሩ እርጥብ የልጆች ቦት ጫማዎች፣ የቀዘቀዘ እራት፣ ኮሪደር ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የካሜራ ቦርሳ፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት ገና ያልነጋ መንገድ ነበሩ። አምስተኛው ሐሙስ ማታ የተነሳ የወጥ ቤት መስኮት ነው፤ ውጭው ጥቁር፣ በመስታወቱ ላይ የሚታየው የራሷ ፊት ብቻ።

የእሱም መጡ። ሦስቱ አረንጓዴ ሰማይ፣ አንዱ የአውቶቡሱ መሪ ነበሩ። አምስተኛውን ያነሳው ሐሙስ ማታ ከኮረብታው ላይ ነው። ሰማዩ ደመና ስለነበር ካሜራውን ወደ ታች መልሶ በበረዶው መካከል አንዲት ትንሽ ቢጫ ብርሃን አነሳ። የወጥ ቤታቸው መስኮት ነበር።

አንድ መስኮት፣ አንድ ማታ፣ እሷ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርገን ላክንላቸው። ምንም አስተያየት አልጻፍንበትም። በማግሥቱ ስንደውል እሷ "ወደ ቤት እንደሚያይ አላውቅም ነበር" አለች። እሱ ደግሞ ብዙ ዝም ብሎ ቆየና "ከውስጥ እንዲህ ጥቁር መሆኑን አላውቅም ነበር" አለ።

በቤታችን እንዴት እናድርገው?

ከስተርመር ዘዴ ለትዳራችን አራት ነገር ልጥቀስ።

አንደኛ፣ ያንኑ ነገር እንይ። ስለ ገንዘብ የተጀመረ ንግግር ወደ አማት፣ ከአማት ወደ አሥር ዓመት በፊት ነገር ከሄደ ሁለቱ ካሜራዎች የተለያየ ሰማይ እያነሱ ናቸው። አንድ ጉዳይ ምረጡና በእሱ ላይ ቆዩ።

ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ እንይ። የባል የትናንት ፎቶና የሚስት የዛሬ ፎቶ አይገናኙም። በሳምንት አንድ ማታ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ጠፍቶ "በዚህ ሳምንት ቤታችንን እንዴት አየኸው? እንዴት አየሽው?" ተባባሉ።

ሦስተኛ፣ የስልኩ መስመር አይቆረጥ። ልዩነት ያለ ንግግር ርቀት ብቻ ነው። ተኳርፎ ማደር መስመሩን ይቆርጠዋል።

አራተኛ፣ ከዋክብቱ በሁለቱም ፎቶ ላይ ይኑሩ። ስተርመር የማይናወጡ ከዋክብት ባይኖሩት ሁለቱን ፎቶ የሚያመሳክርበት አልነበረውም። ለእኛ ይህ የእግዚአብሔር ቃል ነው። የእኔ አመለካከት ለባሌ፣ የእሱም ለእኔ መለኪያ አይደለም፤ ሁለታችንም ከእኛ በስተኋላ ባለው፣ በማይነቃነቀው ቃል እንመዘናለን።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ግፍ የአመለካከት ልዩነት አይደለም። ዱላ፣ ማስፈራራት፣ ዝሙት ባለበት ቤት "ከእሱ ወገን ሆነሽ እዪው" ብለን የተጎዳችውን እህት አንሸንግላት። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባችሁ መጀመሪያ ወደሚጠብቃችሁ ሰው ሂዱ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሕግም ሊቆሙላችሁ ይገባል።

ወዳጆቻችን ስለ መመለስና ስለ መቅረት ገና አልወሰኑም። የተስማሙበት ነገር በጨለማው ወራት ላለመወሰን ነው፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ አብረው ጸልየው ይወስናሉ። እስከዚያው እሱ ሥራ በማይገባበት ቀን በእኩለ ቀኗ ሰማያዊ ሰዓት አብረው ይወጣሉ። አንድ ፎቶም ልኮልናል፤ እሷ ናት፣ ኮፍያዋ እስከ ቅንድቧ ወርዶ፣ ብርዱ ዓይኗን አስጨፍኗት። "አላማረም" ብላ አስጠንቅቃኝ ነበር። እኔ ግን ከላከልን ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ውድ አንባቢዎቼ፣ እናንተም በዚህ ሳምንት ሞክሩት። ካሜራ ባይኖራችሁ ግድ የለም፤ ዓይናችሁ ይበቃል። አምስት ነገር ከቤታችሁ እዩ፤ ባላችሁ ወይም ሚስታችሁም አምስት ይዩ። ከዚያ ሻይ አፍልታችሁ አስቀምጧቸው፤ ማን ልክ ነው ብላችሁ አትጀምሩ።

ጌታ ሆይ፣ በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ለሚያዩ ባለ ትዳሮች ሁሉ ትዕግሥትን ስጣቸው። በጨለማ ወራት ላሉት ብርሃንህን፣ በሩቅ አገር ላሉት ጥበቃህን አብዛላቸው። አሜን።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።